ድምፅ የማያስገባው ቁም ሣጥን

እንቅልፍ አንዴ እምቢ ካለ እንደ በቅሎ ነው፤ ቢጎትቱትም፣ ቢያባብሉትም፣ ቢሰድቡትም ከቆመበት አይነቃነቅም፤ ስለዚህ እሷም መለመኑን ትታዋለች። ሌሊቱን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ አድራ፣ ጠዋት ገብታ፣ መጋረጃውን ግጥም አድርጋ ዘግታ ከተጋደመች ቆይታለች፤ ውጭው ቀትር ነው፤ ሰው ሁሉ ምሳ ላይ ነው፤ እሷ ግን ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ የላይኛውን ጎረቤት ኮቴ ትከተላለች፤ አሁን ወደ ወጥ ቤት ሄደ፣ አሁን ተመለሰ፣ አሁን ወንበር ጎተተ። መልኩን በቅጡ አታውቀውም፣ ስሙንም ጠይቃ አታውቅም፤ ራሷ "ከበሮው" ብላ ስም አውጥታለታለች። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ክፉው ተረከዙ ነው። ግድግዳው ደግሞ ከመሳሳቱ የተነሳ በስተግራ ያለችው ሴት ስታስነጥስ "ይማርሽ" ማለት ይቃጣታል፤ ከመስኮቱ ሥር አውቶቡስ ይቆማል፣ በሩን ከፍቶ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ይሄዳል፣ ሌላው ይተካል። ድሮ ይህ ሁሉ ያንገበግባት ነበር። ዛሬ ግን ዓይኗ ከጣሪያው ወርዶ ጥግ ላይ ወደቆመው ግዙፍ ነገር ይሄድና ፊቷ ሳታዘው ፈገግ ይላል። ትናንት ነው ያለቀው። በገዛ እጇ፣ ያውም ሚስማሩን አንዴ አውራ ጣቷን ሁለቴ እየመታች የሠራችው ድምፅ መቅረጫ ክፍል ነው፤ ክፍል ከተባለ። ላየው ሰው ቁም ሣጥን ነው፤ ደግሞም ቁም ሣጥን ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በጅብ ነው። እናቷ ከራሷ ሆድ ያወጣችው አንድ ተረት አለ፤ ጥርሱን ለፍየል ስላዋሰ ጅብ ነው፤ ፍየሏ ሠርግ ተጠርቻለሁ፣ ፈገግ ስል እንዲያምርብኝ ነው ብላ ትዋሰዋለች፣ ከሠርጉ መልስ ግን የምን ጥርስ ትላለች፣ ጅቡም በድዱ እየተኮላተፈ ቤት ለቤት አቤት ይላል፣ በየቤቱም አንድ አንድ ፍርድ ይሰጠዋል። እናቷ ዳኞቹን ሁሉ በየድምፃቸው ታወጣቸዋለች፤ ሽማግሌውን በአፍንጫዋ፣ ባሏን የምትቆጣዋን ሴት በጉሮሮዋ፣ ጅቡን ደግሞ ከንፈሯን ወደ ውስጥ አጥፋ። የሠፈሩ ልጅ በሙሉ በዚህ ተረት እየተንፈራፈረ ነው ያደገው። አባቷ ራዲዮ የሚጠግን መስሎ ጥግ ይቀመጣል፣ ያው ሁልጊዜ ያው ራዲዮ ነው፣ ጅቡ "ጥርሴን" ሲል ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ይህን ተረት እሷ በአንዲት ጓደኛዋ ልጅ ልደት ላይ ስትናገረው፣ ለልጆች በድምፅ የሚደመጡ መጻሕፍት የሚያሳትም ያገሯ ሰው እዚያው ኬክ ይዞ ቆሞ ኖሮ፣ ኬኩን ሳይበላው ቀረ፤ በማግስቱ ደወለና ቀድተሽ ላኪልኝ አላት። ላከች። ድምፅሽ ማር ነው፣ ግን በጅቡ ሆድ ውስጥ አውቶቡስ ያልፋል አላት። ደግማ ላከች፤ ከበሮው ገባበት። ሦስተኛው ላይ ሽማግሌው ፍርድ ሊሰጥ ሲል ጎረቤቷ አስነጠሰች። በመጨረሻ ሰውየው እያፈረ፣ ጸጥ ያለ ቅጂ እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ ካልደረሰው ሌላ ተረት ከሌላ ተራኪ እንደሚወስድ ነገራት፤ ከደረሰው ግን ጅቡ ብቻ ሳይሆን የእናቷ ተረቶች በሙሉ ይቀረጻሉ። ከዚህ በላይ የምትፈልገው ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስላትም። የእናቷ ዕድሜ እየገፋ ነው፤ ተረቶቹን የሚያውቃቸው እሷና ልጇ ብቻ ናቸው። ግን ደግሞ ተረቱ የራሷ አይደለም፣ የእናቷ ነው፤ እስካሁን የላከችው ለሙከራ ነው፣ የእናቷን እሺታ ሳታገኝ ለሕዝብ የሚወጣውን አትቀዳም፤ ይህንንም ለሰውየው ነግራዋለች፤ እሱም ስልክ ምን ሊሠራ ነው፣ ደውለሽ ጠይቂያታ ብሎ ስቋል።

ችግሩ ስልኩ ነው። እናቷ ስልክ ላይ ሌላ ሰው ናት፤ ተረት ላይ የበተነችውን ቃል ወሬ ላይ ትሰበስበዋለች። በቪዲዮ ሲደወልላት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች፤ ስለዚህ ልጅቷ በዚያች የስልክ መስኮት ለዓመታት ያየችው የእናቷን ጆሮ ነው፣ የጉትቻዋን ቀዳዳና አንድ ሁለት ሽበት፤ ወንድሟ ፊትሽን አሳያት እያለ ቢለምን ቢለምን፣ ፊቴን መቼ ረሳችው ትለዋለች። ኋላ ቪዲዮውን ተዉት። መልሷ አጭር ነው። ልብስ ልላክልሽ? ምላሷን ላንቃዋ ላይ "ጭ" ታደርጋለች፤ አልፈልግም ማለት ነው። ሐኪም ቤት ሄድሽ? ጭ። ያምሻል እንዴ? ጭ። ይህቺ "ጭ" ባሕርና ተራራ አቋርጣ፣ አውቶቡሱንም የማሽኑንም ጩኸት ጥሳ፣ እንደ ጠጠር ጆሮዋ ላይ ታርፋለች፤ አንዳንዴ ምነው ይህን ያህል ጥራት ያለው እምቢታ ትላለች። "ጭ" ያልሆነ ጊዜ ደግሞ ዝምታ ነው። ተረቱን ልናገረው ወይ፣ በድምፅ ሊወጣ ነው፣ ያንቺ ነው ተብሎ ይጠራል ብላ ከፌርማታው ሆና ጠየቀቻት፤ ዝም። በሌላ ሳምንት ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ደጃፍ ጠየቀቻት፤ ዝም። ከወጥ ቤቷም ጠየቀቻት፣ ከበሮው እየረገጠ፤ ዝም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእናቷ ዝምታ ግን እሷ ሆድ ውስጥ ገብቶ ነቅዟል።

ምክንያቱም ሌላም ዝምታ አለ፤ ከሁሉ የበለጠው። አባቷ ያረፈ ጊዜ አልሄደችም። የመኖሪያ ወረቀቷ ገና በእንጥልጥል ነበር፤ ከወጣች መመለሻ የለም፤ ጉዳይዋን የያዘችው ሴትዮ ከመስታወት ወዲያ ሆና ቀጠሮሽ በፖስታ ይደርስሻል ትላታለች፣ በደግነት ነው የምትላት፣ ፈገግ ብላም ነው፣ ለቅሶ ፖስታ አይጠብቅም ብሎ ማስረዳት በየትኛው ቋንቋ ይቻላል። ከቀብሩ በኋላ ደውላ እማዬ ተቀይመሽኛል ወይ አለቻት። ስልኩ ጭር አለ። ያን ጭርታ መሸከም ቢያቅታት ጊዜ ስለ ጣሪያው ጠየቀች፤ ዝናቡ ሳይመጣ ተደፈነ ወይ አለች፤ ስለ ጣሪያው እናቷ ረጅም ወሬ አወራች፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ሠራተኛው ስንፍና። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ያን ነገር አንስተውት አያውቁም፤ ጣሪያው ግን እስከ ዛሬ በየስልኩ ይነሳል።

እንግዲህ ሆድ ሲባባ እጅ ሥራ ይፈልጋል። እሺታው ቢዘገይም ክፍሉ ይዘጋጅ አለች። መጀመሪያ ድምፅ የሚያቆመው የእንቁላል መያዣ ካርቶን ነው ሲባል ሰማች፤ ሁሉም የሚለው ነው፤ ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት እየለመነች በየጠዋቱ በብብቷ ታቅፋ አውቶቡስ ትሳፈራለች፣ ሰው መንገድ ይለቅላታል፣ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ አለበሰችው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ እንደሚባለው ነው። ድምፁ በካርቶኑ መሀል እንደ ልቡ ሲመላለስ ዋለ፤ ያተረፈችው ነገር ቢኖር ቤቷ ውስጥ ማስተጋባቱ ትንሽ መቀነሱ ነው። የእንጨት መሸጫው ሰውዬ ነው ኋላ ያስረዳት፤ ካርቶን የሚጠቅመው ውስጥ ያለው ድምፅ እንዳያስተጋባ ነው፣ እሱንም በደካማው፤ የውጭውን የሚያቆመው ክብደት ነው፣ ሁለት ግድግዳ ነው፣ በሁለቱ መካከል ክፍተት ነው፣ ቀዳዳ ደግሞ የመርፌ ታህል እንኳ አትተይ አላት። ሌላውን ከቪዲዮ ተማረች። የሆስፒታሉ ዕቃ ቤት የጣለውን ሰፊ ቁም ሣጥን አመጣች፤ መደርደሪያውን ነቀለች፤ ዙሪያውን ሌላ ግድግዳ አቆመችለት፣ ሁለት ሁለት ድርብ የጂፕሰም ቦርድ፣ በመካከላቸው የማይደርቅ ማጣበቂያ፤ ክፍተቱን ለሕመምተኛ አይሆኑም ተብለው በተወገዱ የሱፍ ብርድ ልብሶች ጠቀጠቀችው። ወለሉ የቤቱን ወለል እንዳይነካ የላስቲክ ምንጣፍ ላይ አስቀመጠችው። የበሩን ዳር የዞረው ላስቲክ የአሮጌ ማጠቢያ ማሽን የበር ላስቲክ ነው፤ ውሃን ለዓመታት የያዘ ድምፅን አይለቅም ብላ ራሷ ያሰበችው ነው፣ በዚህ ትኮራለች፣ ለብቻዋም ቢሆን ትኮራለች።

ስህተቱ ታዲያ ተቆጥሮ አያልቅም። በሩን መጀመሪያ ወደ ውስጥ እንዲከፈት አድርጋ ገጠመችው፤ በርጩማ ይዛ ገባች፣ ተቀመጠች፣ ዘጋች፣ ከዚያ ልትወጣ ስትል በሩ ጉልበቷን ይገፋል ጉልበቷ በሩን ይገፋል፤ በርጩማው ላይ ቆማ፣ እንደ ፌንጣ ተጣጥፋ ነው የወጣችው። ሌላ ቀን ደግሞ ቀዳዳ አትተይ የተባለችውን ቃል በቃል ተቀብላ አየሩንም ዘግታው ኖሮ ጅቡ ሦስተኛው ቤት ሳይደርስ ራሷን አዞራት፤ ተቀቅላ ወጣች። ያኔ ነው የአየር መተላለፊያውን የሠራችው፤ በስፖንጅ የተለበደ ጠማማ ሣጥን፣ አየሩ ሦስቴ ታጥፎ ይገባል፣ ድምፁ ሲታጠፍ መንገድ ይስታል። ይህን ሁሉ ለእናቷ በስልክ ነግራታለች። እናቷ የሰው ልጅ በፈቃዱ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል ወይ ብላ ጠየቀች፤ ስለ ተረቱ ግን ያው ነው።

የሕንፃው ኃላፊ ደግሞ አለ። ቤት ውስጥ ቤት መሥራት ማስፈቀድ ይፈልጋል ተብላ በኮምፒውተር ጥያቄ ሞላች፤ የሚሠራው ለምንድን ነው ይላል፣ ምርጫው የቤት እንስሳ፣ የሕክምና መሣሪያ፣ የዕቃ ማስቀመጫ፣ ሌላ ነው፤ ሌላ ብላ መለሰች፤ ሌላ ላለ ሰው ምርመራ ይመጣል። ኃላፊው መለኪያ ይዞ መጣ፣ ክብደቱን ገመተ፣ ዙሪያውን ዞረ፣ አንኳኳው፤ ሰው ይተኛበታል ወይ አላት፣ አይተኛበትም አለች፤ ሬሣ ሣጥን እንዳልመሰለው ተስፋ አደረገች። እስቲ ልየው ብሎ ገባና በሩን ሳበው። እሷ ውጭ ቆማ ትጠብቃለች። ይቆያል። የበለጠ ይቆያል፤ ታመመ እንዴ ብላ ልትከፍተው ስትል ወጣ፤ ዓይኑ ደፍርሷል፤ እኔ ከሕንፃው ሥር ነው የምኖረው፣ የቧንቧው ሁሉ መውረጃ በአልጋዬ በኩል ነው አላት፤ ፈቀደላትና በሩ ላይ ቆሞ እንዲያው አንዳንድ ቀን መጥቼ ብቀመጥ ቅር ይልሻል ወይ አለ። ቅር አይለኝም አለችው። እንዲህ ያለ ጎረቤት አለኝ ብላ ያን ቀን ሥራ እስክትገባ ደስ ሲላት ዋለ።

አሁን ተነስታለች። መተኛቱ ከቀረ ቀረ፤ እግሯን ነጠላ ጫማዋ ውስጥ አግብታ፣ ካፖርት በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ፣ ስልኳን ይዛ፣ በሩን ከፍታ ትገባለች፤ በሩ በስተውጭ ነው የሚከፈተው፣ ተመስገን። ስትዘጋው ላስቲኩ ጥርቅም ይላል። ከበሮው ጠፋ። አውቶቡሱ ጠፋ። የሚሰማት የገዛ ጉሮሮዋ ነው፣ ምራቅ ስትውጥ፣ ካፖርቷ ክርኗ ላይ ሲታጠፍ። አገሯን ከለቀቀች ጀምሮ እንዲህ ያለ ቦታ ገብታ አታውቅም፤ እዚህ የማንም ድምፅ የለም፣ የትም ልትሆን ትችላለች፣ እዚያም ልትሆን ትችላለች፤ አባቷ ጥግ ላይ ራዲዮውን ይፈታል፣ እሷ ወለሉ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፣ እናቷ ከንፈሯን ታጥፋለች። ለቀረጻው ብላ የገዛችውን የጆሮ ማዳመጫ አጠለቀች። ከዚያ ስልኩ እጇ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ወንድሟ ነው፣ በዚህ ሰዓት ነው የሚደውለው፤ ያው እንደ ልማዱ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ እማን ላገናኝሽ ብሎ ስልኩን ለእናቱ ሰጥቶ ወጣ።

እንዴት ዋልሽ ተባባሉ። እናቷ የት ነሽ፣ ድምፅሽ ቅርብ ሆነ አለቻት። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነኝ አለች። ከዚያ ጊዜ ሳታባክን፣ አሁንም ዝም ካለቻት ለአሳታሚው አልሆነም ብላ እንደምትደውልለት ለራሷ ምላ፣ ጠየቀች።

"እማዬ፣ የጅቡን ተረት በድምፅ ልናገረው? ትፈቅጅልኛለሽ?"

ዝም። ዝም ግን አልነበረም። በማዳመጫው ውስጥ፣ ከሩቅ፣ የሆነች ነገር አለፈች፤ ነፋስ በበር ሥር እንደሚገባው ያለች፣ አጭር፣ ወደ ውስጥ የተሳበች ትንፋሽ። የልጅቷ ጀርባ በሙሉ ቀጥ አለ። ያቺን ታውቃታለች። ሰው አንድ ነገር ሲጠየቅ ትንፋሹን አፈፍ አድርጎ ወደ ውስጥ በመሳብ አዎ የሚልባት፣ ከቃል የምታጥር፣ በመላ አገሩ ያለ ሰው ሁሉ ሳያስብ የሚላት እሺታ ናት፤ እናቷም እሺ ስትል ዕድሜዋን ሙሉ በዚያች ነው የምትለው! እንዴት ይህን ትረሳለች? ትረሳለች። እዚህ ሥራ የጀመረች ሰሞን አለቃዋ ይህን አንሶላ ወደዚያ ውሰጂ ስትላት እሷም ትንፋሿን ሳብ አድርጋ እሺ ትል ነበር፤ አለቃዋ ደንግጣ ወንበር አቀረበችላት፣ ውሃ አመጣችላት፣ አስም አለብሽ እንዴ አለቻት፤ ሰው እሺ ባለ ቁጥር ውሃ መጠጣት ሰለቻትና ራሷን መነቅነቅ ለመደች። ከአፏ የወጣው ከጆሮዋም ወጣ። ስልኩ ደግሞ "ጭ"ን እንደ ጠጠር እየወረወረ የእናቷን ትንፋሽ በየመንገዱ፣ በየማሽኑ ጩኸት ሲያስበላት ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይኸው ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት የእናቷን እምቢታ ብቻ እየለቀመች ስትሰማ ኖራለች።

"እማዬ፣ እሺ አልሽኝ?"

"ስንቴ ነው እሺ የምልሽ?" አለች እናቷ፤ "በጠየቅሽኝ ቁጥር እሺ እላለሁ፣ አንቺ በሳምንቱ መጥተሽ ትጠይቂኛለሽ። ልጄ እዚያ ብቻዋን ሆና ትንሽ ነካ አደረጋት እንዴ ብዬ ለወንድምሽ ሁሉ ነግሬዋለሁ።"

ሳቀች። ቁም ሣጥኑ ሳቁን ዋጠው፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ወደ ውጭ አላለፈችም፤ እሷ ግን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣ እናቷም ምን ያስቃታል እያለች አብራ ሳቀች። ከዚያ የድሮዎቹ ዝምታዎች አንድ በአንድ እየተነሱ ፊታቸውን ያዞሩላት ጀመር። ገንዘቡ ደረሰሽ ያለችበት፤ አዎ ነበር። እናፍቅሻለሁ ወይ ብላ ሰክራ እንደሆን እንጃ ከሰው ሠርግ የደወለችበት፤ አዎ ነበር። ትጸልዪልኛለሽ፤ አዎ። ሆዷ ሞላ፣ አንጀቷ ራሰ፤ ይህን ሁሉ አዎ ዛሬ በአንድ ጊዜ ተቀበለችው። እንዲህ ደስ እያላት ወደ ኋላ ስትሄድ፣ ስትሄድ፣ ከቀብሩ በኋላ ወደ ደወለችበት ስልክ ደረሰችና ሳቋ ቆመ። ያኔም ጠይቃለች። ያኔም ጭ አላለችም።

ስለ ጣሪያው መጠየቅ ትችላለች። አፏ ላይ መጥቷል። ግን በዚህ ሣጥን ውስጥ ማምለጫ የለም፤ ቀዳዳውን ሁሉ ራሷ ናት የደፈነችው።

"እማዬ፣ አባዬ ያረፈ ጊዜ፣ ተቀይመሽኛል ወይ ብዬሽ ነበር።"

"ብለሽኛል።"

"ምን አልሽኝ?"

"አዎ ነው ያልኩሽ። አልሰማሽም እንዴ?" አለች።

"አልሰማሁም።"

አሁን የእናቷ መተንፈስ ራሱ ይሰማታል፣ የተቀመጠችበት ወንበር ሲጮህም። እናቷ ስትናገር ድምፅዋ ስልክ ላይ ከምታወጣው ድምፅ ሌላ ነበር፤ ረጅም፣ የተረት ጊዜው ዓይነት። እኔ የሰማሽኝ መስሎኝ ነበር አለች። አዎ ስልሽ ወዲያው ስለ ጣሪያው ጠየቅሽኝ። ይህቺ ልጅ ልቧ ደነደነ፣ ቅያሜዬን ነግሬያት ወደ ቆርቆሮ ዞረች አልኩ፤ ከዚያ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ስንቴ ጣሪያ ስትይ፣ ስንቴ እኔም ስለ ጣሪያ ስመልስልሽ። ለመሆኑ አሁን ጣሪያው ምን ሆኖ ነው ይህን ያህል የምናወራለት፣ እኔ እንደሆን አንዲት ጠብታ አይቼበት አላውቅም አለች።

ልጅቷ ስለ ወረቀቱ ልትነግራት ፈለገች፣ ስለ መስታወቱና ስለ ፖስታው፤ ያን ሌሊት አንሶላ ስታጥፍ እንዴት እንዳደረች። ሁሉም እውነት ነበር። ግን የእናቷን ቅያሜ ሳትሰማው ይህን ያህል ዓመት አስቀምጣው፣ ዛሬ ገና ሰምታው፣ ወዲያው ምክንያት መደርደር ከጣሪያው የባሰ መሰላት። ስለዚህ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫነችው፤ የምትመጣው ትንፋሽ የቱንም ያህል ብታጥር እንዳታመልጣት ብላ የራሷን ትንፋሽ ያዘችና ጠየቀች።

"አሁንስ፣ እማዬ? አሁንም ተቀይመሽኛል?"

እናቷ ጊዜ አልወሰደችም። "ጭ" አለች።